መጽሐፍ ያነፀው ሕንፃ፦ የሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ካቴድራል በድንጋይና በጽሑፍ

ስለ ሐዋርያው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ አሟሟት አዲስ ኪዳን የሚነግረን በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 12 ንጉሡ ሄሮድስ በሰይፍ እንዳስገደለው ይጠቅስና ወዲያው ስለ ጴጥሮስ መታሰር ወደ መናገር ያልፋል። ማን እንደ ቀበረው፣ የት እንደ ተቀበረ አይገልጽም። ዘመኑ 44 ዓ.ም. ገደማ፣ ቦታውም ኢየሩሳሌም እንደ ነበር ይታመናል። ከዚህ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ግን በስፔን ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ በጋሊሲያ ምድር፣ የሐዋርያው መቃብር ተገኘ ተባለ። በመቃብሩም ላይ የሳንቲያጎ፣ ማለትም የቅዱስ ያዕቆብ፣ ካቴድራል ተሠራ፤ በመካከለኛው ዘመን ከኢየሩሳሌምና ከሮም ጋር በአንድነት የሚጠራ የተሳላሚዎች መዳረሻም ሆነ። በዚያች ዐረፍተ ነገርና በዚህ ግዙፍ የግራናይት ሕንፃ መካከል ያለውን ክፍተት የሞላው ጽሑፍ ነው፤ ውል፣ ተአምር፣ ዜና መዋዕል፣ የመንገደኛ መምሪያ፣ በመጨረሻም በንጉሥ ስም የተፈበረከ ሰነድ። የዚህ መጣጥፍ ሙከራ ሕንፃውን ከእነዚህ ጽሑፎች ጋር አጣምሮ ማንበብ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ባዕድ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኔን ወደዚህ የመራኝ የክፍል ውስጥ ክርክር ነው። ገድልና ተአምር ባስተማርኩ ቁጥር ተማሪዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ ገሚሱ «እንዲሁ ሆኗል» ብሎ ይቀበላል፣ ገሚሱ «ተረት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ወገን ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን አያነበውም። ኮምፖስቴላ የምትጠቅመን ሌላ ዓይነት ጥያቄ እንድናነሣ ስለምታስገድደን ነው። ታሪኩ መቼ ተጻፈ? ለማን ተጻፈ? ምንስ ተሠራበት?

ከመቃብሩ መገኘት እንነሣ። በተለምዶ የሚነገረው ታሪክ የሚከተለው ነው፦ ፔላዮ የሚባል ባሕታዊ ሌሊት በጫካ ላይ መብራት ሲወርድ ያያል፤ የኢሪያ ፍላቪያው ጳጳስ ቴዎዶሚሮ ዘንድ ሄዶ ይናገራል፤ ጳጳሱም ጾሞ ወደ ስፍራው በመሄድ የእምነ በረድ መቃብር ያገኛል፤ የአስቱሪያስ ንጉሥ ዳግማዊ አልፎንሶ (791–842) ከቦታው ደርሶ ቤተ ክርስቲያን ያሠራል። ድርጊቱ የሚደረገው በ820ዎቹ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ ከነባሕታዊውና ከነመብራቱ ተጽፎ የሚገኘው በ1077 በተደረገ አንድ ስምምነት ላይ ነው። ስምምነቱ በጳጳሱ በዲዬጎ ፔላዬስና በአንቴአልታሬስ ገዳም አበ ምኔት በፋጊልዶ መካከል የተደረገ የይዞታ ውል ነው። ጳጳሱ አዲሱን ካቴድራል ለመሥራት የመነኮሳቱን ስፍራ ይፈልጋል፤ መነኮሳቱም የገዳማቸው ስም ራሱ «ከመሠዊያዎቹ ፊት» ማለት ነውና ከመቃብሩ አጠገብ የመሆን መብታቸውን በቀላሉ አይለቁም። ስለዚህ ውሉ ማን ምን እንደሚያገኝ ከመዘርዘሩ በፊት ነገሩን ከመጀመሪያው ይተርካል። የመቃብሩ መገኘት ትረካ በጽሑፍ የተወለደው በመሬት ክርክር ውስጥ ነው ማለት ነው። የርስት ሰነዶቻችን በወንጌላትና በሌሎች የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ተጽፈው ላየ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

እንግዲያው ሁሉም ፈጠራ ነው? እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ብዙ ሊቃውንት ቴዎዶሚሮ ራሱ በእርግጥ የነበረ ሰው መሆኑን ይጠራጠሩ ነበር። በ1955 ግን በካቴድራሉ ወለል ሥር በተደረገው ቁፋሮ ስሙ የተቀረጸበት የመቃብር ድንጋይ ወጣ፤ በጥቅምት 847 ማረፉንም ይናገራል። የኢሪያ ፍላቪያ ጳጳስ በመንበሩ ከተማ ሳይሆን እዚህ መቀበሩ፣ ከውሉ ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎም ስፍራው የተከበረ እንደ ነበር ያሳያል። በዚሁ ቁፋሮ ከሮማውያን ዘመን የሚጀምር ሰፊ የመቃብር ስፍራም ተገኝቷል። ይህ ግኝት የከተማዋን ስም ትርጓሜም ይነካል። ሕዝቡ ኮምፖስቴላን «የኮከብ ሜዳ» ብሎ ይፈታዋል፤ ከፔላዮ መብራት ጋር ይስማማልና። ሌሎች ግን መቅበርን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ያመጡታል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ሆኖም የመጀመሪያውን አፈታት «ስሕተት» ብሎ መጣል አይቻልም፤ ሰው ሁሉ ሲጓዝ የኖረው እርሱን ይዞ ነውና።

በመቃብሩ ላይ ከተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት የዳግማዊ አልፎንሶው ትንሽ ነበር። ሣልሳዊ አልፎንሶ ያሠራው ሰፋ ያለው በ899 ተባረከ። ይህንን በ997 የኮርዶባው ጦር አዛዥ አልመንሱር አቃጠለው፤ መቃብሩን ግን አልነካም። ደወሎቹን በምርኮኞች ትከሻ አስጭኖ ወደ ኮርዶባ ወሰደ ይባላል። በ1236 ሣልሳዊ ፈርናንዶ ኮርዶባን ሲይዝ ደወሎቹ በሙስሊም ምርኮኞች ትከሻ ተመለሱ ተብሎ መጻፉም የዚያን ዘመን የታሪክ አጻጻፍ ስልት ያመለክታል፤ ዕዳው በተወሰደበት ሚዛን መመለስ አለበት።

የዛሬው ካቴድራል የተጀመረው በ1075 በንጉሥ ሳድሳዊ አልፎንሶና በጳጳሱ በዲዬጎ ፔላዬስ ዘመን ነው። የግንበኞቹ አለቆች አረጋዊው በርናርድና ሮበርት ይባሉ ነበር፤ ሃምሳ ያህል ድንጋይ ጠራቢዎችም አብረዋቸው ሠርተዋል። የሕንፃው ንድፍ መስቀል ነው። ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው ረጅም አዳራሽ ግራና ቀኝ መተላለፊያዎች አሉት፤ የመስቀሉ ክንዶችም እንዲሁ፤ መተላለፊያው በመሠዊያው ጀርባ በግማሽ ክብ ይዞርና በዙሪያው ትናንሽ ጸሎት ቤቶች ይከፈታሉ። ይህ አሠራር ለጌጥ የተመረጠ አይደለም። ካህናቱ በመካከል ቅዳሴያቸውን ሳያቋርጡ ሺህ ሰው በአንዱ ጎን ገብቶ፣ በመቃብሩ ጀርባ ዞሮ፣ በሌላው ጎን እንዲወጣ የታሰበ ነው። በፈረንሳይ ኮንክ ያለው የቅድስት ፉዋ፣ በቱሉዝ ያለው የቅዱስ ሰርናን፣ እንዲሁም ዛሬ የሌሉት የቱርና የሊሞዥ አብያተ ክርስቲያናት የዚሁ ንድፍ ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ማን ነው የሚለው ክርክር አልተዘጋም፤ የጋራ ቅርጹን የወለደው ግን የጋራ መንገዳቸው መሆኑ ግልጽ ነው።

ጣራው ሌላ ችግር ነበረበት። ወደ ሃያ ሁለት ሜትር ከፍ ያለው የድንጋይ ቅስት በክብደቱ ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ ይገፋል። ግንበኞቹ መልሱን ያገኙት ከጎን መተላለፊያዎች በላይ ሁለተኛ ፎቅ ሰገነት በመሥራት ነው፤ የሰገነቱ ጣራ የክብ ሩብ ሆኖ ታላቁን ቅስት እንደ ትከሻ ይደግፈዋል። ዋጋም አስከፍሏል። ከሰገነቱ በላይ መስኮት መክፈት ስላልተቻለ ብርሃን ወደ ታላቁ አዳራሽ የሚገባው በሰገነቱ በኩል ተጣርቶ ነው። ስለዚህ ከምዕራብ የሚገባ ሰው በደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ይራመድና ክንዶቹ ከሚገናኙበት ሲደርስ ድንገት ብርሃን ያገኛል። እኔ በሄድኩበት ዕለት ሰማዩ ደመናማ ነበር፤ የጋሊሲያ ሰማይ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ ግን በግልጽ ይታይ ነበር።

ሥራው ያለ እንከን አልሄደም። ዲዬጎ ፔላዬስ በ1088 ከሹመቱ ተሻረና ሥራው ተቋረጠ። ሕንፃውን እንደገና ያንቀሳቀሰው በ1100 የተመረጠው ጳጳስ ዲዬጎ ሄልሚሬስ ነው። ይህ ሰው በታሪኩ ውስጥ ከሐዋርያው ቀጥሎ ትልቁ ገጸ ባሕርይ ነው ብል አላጋነንኩም። በ1102 ወደ ብራጋ ለጉብኝት ሄዶ የከተማይቱን ቅዱሳን ዐፅም በድብቅ ይዞ ተመለሰ፤ በ1105 መሠዊያውን ባረከ፤ በ1112 በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ተከቦ የቀረውን የሣልሳዊ አልፎንሶ ቤተ ክርስቲያን አፈረሰ፤ በ1120 የሊቀ ጵጵስና ማዕረግ አገኘ። ይህንን ሁሉ የምናውቀው «ሂስቶሪያ ኮምፖስቴላና» ከተባለው፣ ራሱ ካጻፈው ዜና መዋዕል ነው። የዐፅሙን ስርቆት መጽሐፉ አይደብቀውም፤ «የተቀደሰ ሌብነት» ያደርገዋል እንጂ።

የዚህ ዜና መዋዕል ከፍተኛው ትረካ የ1117 ዓመፅ ነው። ጳጳሱ የከተማይቱ ጌታም ስለነበር ነዋሪዎቹ በአገዛዙ ተማርረው ተነሡ። እርሱንና ንግሥት ኡራካን በካቴድራሉ ግንብ ውስጥ ከበው እሳት ለቀቁበት። ንግሥቲቱ በሰላም ትወጣለች ተብላ ስትወጣ ልብሷ ተቀዶ ጭቃ ላይ ተጣለች፤ ጳጳሱ ማንነቱን ሰውሮ በሕዝቡ መካከል አመለጠ። ተራኪው የጳጳሱ ሰው ስለሆነ ዓመፀኞቹን የሰይጣን ጭፍሮች ያደርጋቸዋል። ቢሆንም አነጋገራቸውንና ቅሬታቸውን በመጠኑ ጽፎልናል፤ የከተማይቱን ተራ ነዋሪ ድምፅ የምንሰማው በጠላቱ ብዕር ነው። የ«ዜና መዋዕል» ትምህርት የሚሰጥ ሁሉ ይህን ክፍል ቢያነበው እወዳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው መጽሐፍ እንምጣ። በ1140 ገደማ የተጠናቀቀው «የቅዱስ ያዕቆብ መጽሐፍ»፣ በተለመደ ስሙ ኮዴክስ ካሊክስቲኑስ፣ አምስት ክፍሎች አሉት፦ ስብከትና የቅዳሴ ዜማ፣ 22 ተአምራት፣ የዐፅሙ ፍልሰት፣ ስለ ሻርልማኝ የስፔን ዘመቻ የሚተርክ ክፍል፣ በመጨረሻም የመንገደኛ መምሪያ። ደራሲው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ካሊክስቶስ ነኝ ይላል፤ እርሱ ግን በ1124 አርፏል። የሻርልማኙም ክፍል በሊቀ ጳጳስ ቱርፒን ስም የተጻፈ ነው። መጽሐፍን ለታላቅ ሰው ስም መስጠት በእኛም የጽሑፍ ባህል የታወቀ ነውና በዚህ አንደነግጥም፤ የምንጠይቀው ይህ ስም ለምን ተመረጠ ብለን ነው። ካሊክስቶስ ለሄልሚሬስ የሊቀ ጵጵስናውን ማዕረግ የሰጠው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ነበር።

አምስተኛው ክፍል በፈረንሳይ የሚነሡ አራት መንገዶች ፑዌንቴ ላ ሬይና ላይ እንደሚገጣጠሙ ይገልጻል፤ ውኃው የሚጠጣውንና የማይጠጣውን ወንዝ ይለያል፤ ፈረስን በሚገድል ወንዝ ዳር ቢላ እየሳሉ የተሳላሚ ፈረስ እስኪሞት የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ ያስጠነቅቃል። ደራሲው ለናቫራ ሰዎች ያለው ጥላቻ አንባቢን ያሳፍራል። ከካቴድራሉ ሲደርስ ግን ቃናው ይለወጣል። ሕንፃውን በክንድ ሳይሆን በሰው ቁመት ይለካዋል፦ ርዝመቱ 53 የሰው ቁመት፣ የውስጥ ከፍታው 14። በሰገነቱ ላይ የሚመላለስ ሰው አዝኖ ቢወጣ ተደስቶ እንደሚወርድ ይመሰክራል። ከሰሜኑ በር ፊት ባለው አደባባይ ተሳላሚዎች የሚገዙትን የባሕር ዛጎል፣ የወይን ጠጅ ኮዳ፣ ጫማ፣ የአጋዘን ቆዳ ስልቻ ሳይቀር ይዘረዝራል። ዘጠኝ ግንቦች እንዳሉትም ሲናገር ከፊሎቹ ገና እንደሚሠሩ ይገልጻል። መጽሐፉ ከድንጋዩ ቀድሞ ሄዷል።

በዚሁ መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል ወደ መቃብሩ የሚመጡ ሕዝቦች ስም ሲዘረዘር ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ግን ማስረጃ ነው ብዬ አላቀርበውም። ዝርዝሩ የጰራቅሊጦስን ዕለት ሕዝቦች፣ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላቸውን ከተሞች ጭምር የያዘ ነው። ሰባኪው «ዓለም ሁሉ ይመጣል» ለማለት የተጠቀመበት የንግግር ስልት እንጂ የመዝገብ ጽሑፍ አይደለም።

መጽሐፉና ድንጋዩ ፊት ለፊት የሚገናኙት ግን በደቡቡ በር፣ በፕላቴሪያስ ነው። ከጥንታዊዎቹ በሮች በመጀመሪያ መልኩ እስከ ዛሬ የቆመው እርሱ ብቻ ነው። የሚያየው ሰው ግን ግራ ይጋባል፤ ምስሎቹ ቅደም ተከተል የላቸውም። አዳምና ሔዋን ከገነት ሲባረሩ ከክርስቶስ ሕማማት አጠገብ ይታያሉ፤ ንጉሥ ዳዊት መሰንቆውን ይዞ በአንድ ጎን ተቀምጧል። ምክንያቱን የነገረን መጽሐፉ ነው፤ የአዳምና የሔዋንን ምስል የሚገልጸው በሰሜኑ በር ላይ እንዳለ አድርጎ ነውና። የሰሜኑ በር በ18ኛው ምዕተ ዓመት ሲፈርስ የተረፉት ድንጋዮች ወደ ደቡቡ ተዛውረዋል። የተበተነውን ድንጋይ በሐሳብ ወደ ቦታው መመለስ የተቻለው በጽሑፍ ነው።

በዚያው በር ላይ የራስ ቅል በጭኗ የያዘች፣ ጸጉሯ የተበተነ ሴት ተቀርጻለች። መምሪያው ታሪኳን ይተርካል፦ አመንዝራ ናት፤ ባሏ የወዳጇን ራስ ቆርጦ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እንድትስመው አስገድዷታል። ዘመናውያን ተመራማሪዎች ግን ሞትን ወደ ዓለም ያመጣች ሔዋን ልትሆን እንደምትችል፣ ሌላም ሌላም ይላሉ። እኔን የሚገርመኝ የመምሪያው ጸሐፊ ሁኔታ ነው። ምስሉ ከተቀረጸ ብዙ ዓመት ሳያልፍ ቀራፂው ያሰበውን ትቶ፣ ወይም ሳያውቅ፣ ለመንገደኛ የሚነገር ታሪክ ሰጠው። ታሪኩም ሴቲቱ ላይ ተጣብቆ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ኖረ። የድንጋይ ምስል ራሱን መከላከል አይችልም።

የምዕራቡ በር ታሪክ ደግሞ በተቃራኒው ነው። መምሪያው በዚያ በር ላይ ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃኑን ሲገልጥ እንደ ተቀረጸ ይጽፋል፤ ያዕቆብ ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ ስለነበር ርእሱ ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ያ በር የለም። በ1168 ንጉሥ ዳግማዊ ፈርናንዶ ለማስተር ማቴዎ በየዓመቱ 100 የወርቅ ገንዘብ መደበለትና የምዕራቡን ጫፍ እንደ አዲስ ሠራው። መሬቱ ቁልቁለት ስለሆነ አስቀድሞ ከሥሩ ምድር ቤት ገነባ፤ በላዩም የክብር በር የሚባለውን ባለ ሦስት ቅስት ደጀ ሰላም አቆመ። በመቃኑ ላይ ሚያዝያ 1 ቀን 1188 እንደ ተቀመጠ የሚገልጽ ጽሑፍ ከነስሙ አለ። ሕንፃው በሙሉ የተባረከው በ1211 ነው። ይህ ዘመን በእኛ አገር የንጉሥ ላሊበላ ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል፤ ገድሉም ከንጉሡ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ በ15ኛው ምዕተ ዓመት እንደ ተጻፈ ይታመናል።

በክብር በር ላይ ከሁለት መቶ በላይ ምስሎች አሉ። በመካከል ክርስቶስ ቁስሉን እያሳየ፣ አራቱ ወንጌላውያን በዙሪያው፣ መላእክት መስቀሉንና የሕማማቱን ዕቃዎች ይዘው፤ በታች የእሴይ ግንድ በዓምዱ ላይ እየተጠመጠመ ይወጣል፤ በላዩ ያዕቆብ በትሩን ተመርኩዞ ተቀምጧል። ነቢዩ ዳንኤል ፈገግ ብሏል። እኔ ብዙ ጊዜ ቆሜ ያየሁት ግን ከቅስቱ ዳርቻ የተደረደሩትን ሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ነው። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል እነዚህ ካህናት ጽና ይዘው ያጥናሉ። የዮሐንስ ራእይ በገናም የወርቅ ዕቃም እንደያዙ ይናገራልና ሁለቱ ባህሎች ከአንድ ቁጥር የየድርሻቸውን መርጠዋል፤ የእኛ ሠዓሊ ዕጣኑን፣ ማቴዎ ዜማውን። የማቴዎ ካህናት ግን ገና አልጀመሩም። ክራራቸውን እየቃኙ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። አንድ ድንጋይ ጠራቢ የዘላለምን ምስጋና ሊያሳይ ፈልጎ ከመጀመሩ አንድ አፍታ በፊት ያለውን ሰዓት መምረጡ ከየትኛውም መጽሐፍ ያልተቀዳ የራሱ ድርሰት ነው። ምስሎቹ በቀለም የተሸፈኑ ነበሩ፤ ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀው እድሳት በ2018 ሲጠናቀቅ የቀረው ቀለም እንደገና ታየ። በመካከለኛው ዓምድ ላይ ደግሞ የተሳላሚ እጅ በመቶ ዓመታት ውስጥ የቦረቦረው የአምስት ጣት ቅርጽ አለ። ዛሬ መንካት ተከልክሏል።

እስከዚህ ያነሣኋቸው ጽሑፎች ሕንፃውን ሲያንፁ ነው ያየናቸው። አንደኛው ግን ሌላ ሥራ ሠርቷል። በ12ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የካቴድራሉ ካህን ፔድሮ ማርሲዮ አንድ የንጉሥ ሰነድ «ገለበጠ»። ሰነዱ ንጉሥ ቀዳማዊ ራሚሮ ክላቪሆ በተባለ ስፍራ ከሙስሊሞች ጋር ሲዋጋ ያዕቆብ በነጭ ፈረስ ወርዶ ድል እንደሰጠው፣ ንጉሡም ከያንዳንዱ ጥማድ በሬ መሬት ለሐዋርያው ቤት በየዓመቱ እህልና ወይን እንዲሰጥ እንደተሳለ ይናገራል። ጦርነቱ አልተደረገም፤ ሰነዱም ሐሰተኛ ነው። ገበሬው ግን ከፈለ። ግብሩ በ1812 በካዲስ ምክር ቤት ተሰረዘ፤ ፈጽሞ የቀረው በ1834 ነው። ያው ትረካ ዓሣ አጥማጁን ሐዋርያ ሰይፍ የመዘዘ ፈረሰኛ አደረገው። በካቴድራሉ ውስጥ እንዲህ ሆኖ የተቀረጸ ምስል አለ፤ ከፈረሱ ሥር የወደቁት የሙስሊሞች ራሶች በአበባ ተሸፍነዋል። የመብራቱም ታሪክ የፈረሰኛውም ታሪክ «ተረት» ነው ብሎ በአንድ ቃል የሚዘጋ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያጣዋል። የመጀመሪያውን ሰሙ፣ መንገድ ወጡበት፤ የሁለተኛውን ዋጋ ያልሰማውም ያላመነውም በእህሉ ከፍሏል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1589 የእንግሊዝ መርከቦች የጋሊሲያን ጠረፍ ሲያጠቁ ሊቀ ጳጳሱ ዐፅሙን ደበቀው፤ የተደበቀበትም ቦታ ተረሳ። ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ተሳላሚው ሲመጣ የኖረው ዐፅሙ የት እንዳለ በማይታወቅበት መቃብር ነው። በ1879 በቁፋሮ ተገኘ፤ በ1884 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሌዎን 13ኛ እውነተኛነቱን አወጁ። በ1738 እና በ1750 መካከል ደግሞ ፈርናንዶ ዴ ካሳስ ኖቮዋ የዛሬውን የምዕራብ ፊት ከሁለት ከፍተኛ ግንቦች ጋር ሠርቶ የማቴዎን በር ከዝናብ አዳነው፣ ከአደባባዩም ሰወረው። በፎቶግራፍ የሚታወቀው ያ ፊት ነው፤ ለእኔ ግን ጌጡ ይበዛብኛል።

መጽሐፉም የራሱ ስደት ነበረው። የሻርልማኙ ክፍል በ1619 ተገንጥሎ ለብቻው ተጠረዘ፤ ወደ ቦታው የተመለሰው በ1966 ነው። በሐምሌ 2011 ኮዴክሱ በሙሉ ከካቴድራሉ ቤተ መዛግብት ተሰረቀ። ፖሊስ ለአንድ ዓመት ሲፈልገው ቆይቶ በሐምሌ 2012 በከተማይቱ አቅራቢያ ካለ ጋራዥ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ አገኘው፤ ወሳጁም ለብዙ ዓመት በካቴድራሉ የኤሌክትሪክ ሥራ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። መጽሐፉ በጠፋበት በ2011 ከ180 ሺሕ በላይ ተሳላሚዎች በጽሕፈት ቤቱ ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹም የመጡት እርሱ በገለጸው መንገድ፣ በፑዌንቴ ላ ሬይና በኩል በሚያልፈው ነው።